የዘቢባ ልጅ ፈረሰኛው ዐንተራ

በምትሠሪበት ቤት ያለው ተማሪ ልጅ የዐረብኛ መጽሐፉን ይዞ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ግጥም ሲሸመድድ ሰምተሽው ይሆናል። ግጥማቸው ከሚሸመደድላቸው ባለቅኔዎች አንዱ ዐንተራ ኢብን ሸዳድ ነው። ወይም ማዳም ያረጀ የግብፅ ፊልም ከፍታ ስታይ፣ ጎራዴውን መዝዞ በፈረስ የሚጋልብ ጀግና በጨረፍታ አይተሽ ወደ ማድቤትሽ አልፈሽ ይሆናል። ያ ፈሪድ ሸውቂ እ.ኤ.አ. በ1961 የተወነበት የዐንተር ፊልም ሊሆን ይችላል፤ ዐንተር ሲሉም ዐንተራ ሲሉም ሰውየው አንድ ነው። ልጁን ስለ እሱ ብትጠይቂው የሚያውቀውን ይነግርሻል፤ ጀግና እንደነበር፣ ግጥም ይገጥም እንደነበር፣ ዐብላ የምትባል የአጎቱን ልጅ ይወድ እንደነበር። ከዚያ እናቱ ማን እንደሆነች ጠይቂው። እዚህ ላይ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ።

እናቱ ዘቢባ ትባላለች። ስሟ በእነሱም በእኛም ቋንቋ ያው ነው፤ አንዲት ፍሬ ዘቢብ ማለት ነው። ሐበሻ ነበረች፤ በሰው ቤት ባሪያ ነበረች።

ዐንተራ የኖረው ከእስልምና በፊት፣ በስድስተኛው መቶ ዓመት ነው። ነገዱ በኑ ዐብስ ይባላል፤ አገራቸውም ነጅድ፣ ዛሬ ቀሲም በምንለው አካባቢ ነበር። ያ ዘመን ለሐበሻ ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ በኩል የአክሱም ሠራዊት ከ525 አካባቢ ጀምሮ ባሕር ተሻግሮ የመንን ይዟል፤ ኋላም የየመኑ ሐበሻ ገዢ አብርሃ ዝሆን አስከትሎ ወደ መካ የዘመተበትን ታሪክ እዚህ አገር የማያውቅ ልጅ የለም። ዓመቱም የዝሆኑ ዓመት ተብሎ ቀረ፤ ብዙዎች 570 አካባቢ ያደርጉታል። በሌላ በኩል ደግሞ በዐረብ ድንኳኖች ውስጥ እንደ ዘቢባ ያሉ ሐበሻ ሴቶች ውኃ ይቀዱ፣ ወተት ያልቡ፣ የሰው ልጅ ያሳድጉ ነበር። የገዢውን ስም ሁሉም ይጽፈዋል። የዘቢባ ስም የተረፈው ግን ልጇ ስለተሳካለት ብቻ ነው።

አባቱ ሸዳድ ከነገዱ ታላላቅ ሰዎች አንዱ ነበር። በዚያ ዘመን ልማድ ግን ከባሪያ የተወለደ ልጅ አባቱ በሰው ፊት ልጄ ነው ብሎ ካላወጀ በቀር ባሪያ ነው። ልጁ ብርቱ ሆኖ ከተገኘ አባት ያውጃል፤ አለዚያ ልጁ ከግመሎቹ ጋር ይቆጠራል። ሸዳድ አላወጀም። ስለዚህ ዐንተራ የገዛ አባቱን ግመሎች እየጠበቀ አደገ። ሥራው ግመል ማሰማራት፣ ማለብ፣ ከታለበ በኋላም ልጅዋ እንዳይጠባ የግመሏን ጡት ማሰር ነበር። ይህችን የጡት ማሰር ሥራ ልብ በያት፤ ወደፊት እንመለስባታለን።

ታዲያ ግመል ጠባቂ እንዴት የዐረብ ሁሉ ፈረሰኛ ሆነ? ይህን ለመረዳት መጀመሪያ ያኔ በፈረስ እንዴት ይዋጉ እንደነበር ልንገርሽ።

የዐረቦቹ ውጊያ በሁለት ቃል ይጠቃለላል፤ ከር እና ፈር። ፈር መሸሽ ነው። ከር ደግሞ ዞሮ መምታት። ፈረሰኛው እየሸሸ ጠላቱን ያስከትለዋል፤ ከጓደኞቹ ከነጠለው በኋላ በድንገት ፈረሱን አዙሮ ይመለስበታል። ነገሩ ሁሉ ያለው በመዞሩ ላይ ነው። ሰፊ ክብ ሠርቶ የሚዞር ፈረስ የጌታውን ጎንና ጀርባ ለጦር አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ ፈረሱ ከሙሉ ግልቢያ ላይ መቆም፣ በኋላ እግሮቹ ላይ ክብደቱን ጥሎ በቦታው መዞር፣ ወዲያው ደግሞ መፈትለክ መቻል አለበት። ጋላቢው አንድ እጁ ዛብ፣ ሌላው ጦር ይዟል። የብረት እርካብ እንኳ አልነበረውም፤ የብረት እርካብ ወደ ዐረቦቹ የገባው ዐንተራ ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሰውየው ኮርቻው ላይ የሚቆየው በጭኑና በወገቡ ጉልበት ነበር።

እግረ መንገዴን፣ ቃላቱን ተመልከቻቸው። እኛ ፈረስ እንላለን፤ እነሱም ፈረስ ይላሉ። የእኛ ልጓም የእነሱ ሊጃም ነው፤ የእኛ እርካብ የእነሱ ሪካብ። መካ ውስጥ ደግሞ ከሐረም አጠገብ አጅያድ የሚባል ሰፈር አለ፤ ለዑምራ የሄዳችሁ ሙስሊም እህቶች ታውቁታላችሁ። በ2002 የፈረሰው የቱርኮች ምሽግ የነበረው፣ ዛሬ ትልቁ የሰዓት ማማ የቆመው እዚያ ነው። የቀድሞ ጸሐፊዎች የሰፈሩን ስም ከምርጥ ፈረሶች ጋር ያያይዙታል፤ ፈረስን ለመጀመሪያ ጊዜ የገራው ኢስማዒል ነው የሚለው ትውፊትም ከዚሁ ሰፈር ጋር ይነሣል።

ከር ምን እንደሆነ እኔ ለብዙ ዓመት የማውቀው ከመዝገበ ቃላት ነበር። በዓይኔ ያየሁት ጅዳ ዳር ላይ ወዳለ አንድ የፈረስ ማደሪያ ለማስተርጎም የተጠራሁ ዕለት ነው። የፈረሱ ባለቤት የአሜሪካ ላም ጠባቂዎች ግልቢያ የሆነውን ሬይኒንግ የሚሉትን ወድዶታል። ፈረሱን ቀን ከሌት የሚጠብቀውና የሚያለማምደው ሳይስ ደግሞ የአገራችን ልጅ ነው፤ አገው ምድር፣ አዊ የተወለደ። ሬይኒንግ ዛሬ ውድድር ሆኗል፤ አሜሪካ ውስጥ ብሔራዊ ማኅበሩ የተቋቋመው በ1966 ነው። መነሻው ግን ሥራ ነው፤ መንጋ ጥበቃ። ላም ጠባቂው አንድ እጁ ገመድ ስለያዘ ፈረሱን በአንድ እጅ ብቻ መምራት ነበረበት። ከመንጋው የተነጠለች ጊደር ወደ ግራ ስትታጠፍ ፈረሱም በዚያው ቅጽበት መታጠፍ ነበረበት። በውድድሩ ላይ ፈረሱ ትልቅ ክብ በፍጥነት፣ ትንሽ ክብ በዝግታ ይዞራል፤ በቦታው እንደ እንዝርት ይሽከረከራል፤ ከግልቢያ ላይ አሸዋውን እየሰነጠቀ ተንሸራትቶ ይቆማል፤ ወደ ኋላ ይራመዳል። ሁሉም ከሰባ ነጥብ ይጀምርና እንደ አሠራሩ ይጨመርለታል ወይም ይቀነስበታል።

ሳይሱ እንዴት እንደሚያስተምረው አሳየኝ። ዛቡን አይጎትትም፤ አንገቱ ላይ ብቻ ያሳርፈዋል። ፈረሱ መጀመሪያ ግራ ይገባዋል፣ ጭንቅላቱን ያነሣል፣ ይቁነጠነጣል። ፊቱን ትንሽ እንኳ ወደሚፈለገው አቅጣጫ ሲያዞር ዛቡ ወዲያው ይነሣለታል። በማግሥቱ እንደገና፣ ከዚያም እንደገና፤ ለወራት። ፈረስ ትምህርቱን የሚይዘው ሲጫኑት ሳይሆን ሲለቁት እንደሆነ ነገረኝ። ለማቆም ትንፋሹን ያወጣል፣ ወገቡን ያሳርፋል፤ በቃ። ፈረሱ የኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር አስገብቶ ይንሸራተታል። ከዚያ ሳይውል ሳያድር እዚያው ኮቴው ላይ ዞሮ በመጣበት ይፈተለካል። ይቺ የመጨረሻዋ ዐረቦቹ ከር የሚሏት ናት። ልጁ ግን ስሙ በእንግሊዝኛ ይሁን በዐረብኛ ግድ አልነበረውም። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያያት፣ በጉግስ ጊዜም ጋሻ ይዞ ዘንግ የሚሸሽ ሁሉ የሚያዞራት ዙር እንደሆነች ነበር የሚያውቀው።

ዐረቦቹ ከትምህርቱ በፊት ገላውንም ያዘጋጁት ነበር። ተድሚር ይሉታል። ፈረሱን መጀመሪያ አብልተው ያወፍሩታል። ከዚያ ምግቡን ቀስ በቀስ ይቀንሱና ጠባብ ቤት አስገብተው፣ ልብስ ደራርበው እንዲያልበው ያደርጋሉ። ለስላሳው ሥጋ ይሄዳል፣ ጅማቱ ይቀራል። ኋላ በነቢዩ ዘመን መዲና ላይ ፈረስ ሲያሽቀዳድሙ በዚህ መንገድ የተዘጋጁትና ያልተዘጋጁት ተለይተው ነበር። የተዘጋጁት ረጅሙን፣ ያልተዘጋጁት አጭሩን መንገድ ሮጠዋል።

እንግዲህ ወደ ዐንተራ እንመለስ። ስለ እሱ የተጻፈው ትልቁ ትረካ ሲረት ዐንተር ይባላል። ካይሮ ላይ ሲታተም 32 ክፍል ወጥቶታል፤ ቡና ቤት ተቀምጠው እሱን ብቻ የሚተርኩ፣ በስሙም የሚጠሩ ተራኪዎች ነበሩ። ታሪክና ተረት የተቀላቀለበት ነውና ከዚያ የማመጣውን ሲራው ይላል እያልኩ እለይልሻለሁ። ሲራው እንደሚለው ልጁ ግመል ከሚያሰማራበት መስክ ላይ ነበር መጋለብን የለመደው፤ በእናቱ ልጅ በሸይቡብ እየታገዘ። ሸይቡብ እግረኛ ነው፤ ከፈረስ እኩል ይሮጣል። አብጀር የተባለውን ፈረሱን ያገኘውም በዘመቻ ላይ ነው። ፈረሱን ከጠላት ወገን ሰው ሥር አየውና ዓይኑን ማንሣት አቃተው። ከዚያ ዕለት የተማረከውን ከብት በሙሉ ለባለቤቱ ሰጥቶ ፈረሱን ገዛው። አብጀር ማለት ሆዱ ገፋ ያለ ማለት ነው፤ ለዓይን የሚያምር ስም አይደለም። ከግጥሙ እንደምናውቀው የሚጋልበው ፈረስ ጉራቻ ነበር። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው አባ አብጀር ተብሎ ይቀር ነበር፤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እንዳልን።

አሁን ያቺ ቀን መጣች። በኑ ዐብስ አንድ ጊዜ ጠይ የተባለውን ነገድ ወርረው ግመል ይዘው ተመልሰው ነበር። ዐንተራም አብሮ ተዋግቷል። ምርኮው ሲከፈል ግን ባሪያ ስለሆነ ድርሻው ከነጻ ሰው ድርሻ እንደማይተካከል ተነገረው። ደመወዟ የተያዘባት እህት ይህን ለመረዳት የእኔን ማብራሪያ አትፈልግም። ከዚያ የተዘረፉት ሰዎች ተሰብስበው መጡባቸው፤ በሌላ አተራረክ ደግሞ ወራሪው ሌላ ነገድ ነው። የዐብስ ግመሎች ተነዱ፣ ሰዎቹ ተደናገጡ። ዐንተራ ግን ዳር ቆሞ ያያል። አባቱ ከር እንዲል አዘዘው። ዐንተራም ባሪያ ከር ማለት እንደማይሆንለት፣ የሚሆንለት ማለብና የግመል ጡት ማሰር ብቻ እንደሆነ መለሰ። አባቱ ያኔ ከር እንዲል፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮም ነጻ እንደሆነ ነገረው። ዐንተራ ፈረሱን አዞረ። ግመሎቹም ተመለሱ። ሸዳድ ከዚያ በኋላ ልጅነቱን በሰው ፊት ተቀበለ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የአኩራፊ መልስ አድርጎ ይተርከዋል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። አባትየው የለመነው ማንም ነጻ ሰው በዚያ ሰዓት ሊያደርገው ያልቻለውን ነገር ነው፤ ፈረስን ከሽሽት ላይ አዙሮ ጦር ፊት መመለስ። ያ ችሎታ በአንድ ቀን አይገኝም፤ ዓመታት ይፈጃል። ልጁ እነዚያን ዓመታት ማንም ሳይቆጥርለት ግመል እየጠበቀ አሳልፏቸዋል። ጡት ማሰርን የጠቀሰው አባቱ በምን መዝገብ እንደያዘው ለማስታወስ ነው። በዚያ መዝገብ ከተያዘ የሚከፈለው የአላቢ ሥራ ነው፤ ሌላ ሥራ ከተፈለገ ሌላ መዝገብ ይከፈት ማለቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜው በአብዛኛው ጦርነት ነው፤ ጦርነቱም በፈረስ የመጣ። ዳሒስ የተባለ ፈረስና ገብራ የተባለች ባዝራ የሮጡበት እሽቅድምድም ነበር። የተቃራኒው ወገን ሰዎች መንገድ ላይ አድፍጠው ቀዳሚውን ፈረስ አሰናከሉት። በዚህ ምክንያት ዐብስና ወንድም ነገዱ ዙብያን አርባ ዓመት ተፋጁ ይባላል። ዐንተራ ስሙን የተከለው በዚያ ጦርነት ነው። ዐብላን በተመለከተ ሲራው ብዙ ገጽ አለው፤ አባቷ ጥሎሽ ብሎ የሒራው ንጉሥ ግመሎች ከሆኑት አንድ ሺህ እንዲያመጣ ወደ ሞት እንደላከውና እሱ ግን አምጥቶ እንዳገባት። ደስ የሚል ተረት ነው፤ አላረዝመውም።

ከዚህ ሁሉ ጸንቶ የቀረው ግጥሙ ነው። በዐረብኛ ሰባት ታላላቅ የጥንት ግጥሞች አሉ፤ ሙዐለቃት፣ የተሰቀሉት ይባላሉ። ትውፊቱ በወርቅ ተጽፈው መካ ላይ ካዕባ ላይ ተሰቅለው ነበር ይላል። የዛሬ ሊቃውንት ብዙዎቹ መሰቀሉን ይጠራጠራሉ። የአንዱ ግጥም ባለቤት ግን የዘቢባ ልጅ ነው ይባላል። ሌሎቹ ባለቅኔዎች ስለ ፈረስ ሲገጥሙ ፍጥነቱን ያወድሳሉ፤ ኢምሩልቀይስ የገዛ ፈረሱን ከርና ፈር በአንድ ጊዜ የሚችል አድርጎ የሣለበት በጣም የታወቀ ነው። ዐንተራ ግን ሥራውን በሚሠራበት መሐል ደረቱ የሚወጋውን ፈረስ ሕመም ያያል፤ ቋንቋ የሌለውን ስሞታውን ይሰማል። ሳይጠየቅ ሲታዘዝ ያደገ ሰው ይህን ማየቱ አይገርመኝም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ክፍል ሰዋስው ስንቆጥርበት ነው ያለፍነው፤ ዛሬ ያሳዝነኛል።

እናቱንም አልደበቀም። በግጥሞቹ ውስጥ ግማሽ ወገኑ ከዐብስ ምርጦች እንደሆነ ይናገራል፤ የቀረውን ግማሽ ደግሞ በሰይፉ ይጠብቀዋል። ብቻውንም አልነበረም። ጥቁር እናት የወለደቻቸውን ጀግኖች ዐረቦቹ የዐረብ ቁራዎች ይሏቸው ነበር። ከእነሱ አንዱ ኹፋፍ በእናቱ በኑድባ ስም ነው የሚጠራው፤ እስልምናን ተቀብሎ በ630 መካ ስትያዝ የነገዱን የበኑ ሱለይምን ባንዲራ ይዞ ገብቷል። ሲራው ለዘቢባም አንድ ነገር አደረገላት። ዐንተራን እስከ ሐበሻ ምድር ይወስደውና እናቱ የነጉሥ ዘር መሆኗን እዚያ ያስረዳዋል። ይህ ተረት ነው። ይሁን እንጂ ስንት መቶ ዓመት የቡና ቤት ተራኪዎች ሰው ፊት ቆመው የአንዲትን ሐበሻ ባሪያ ዘር ከንጉሥ ሲቆጥሩ መኖራቸውን ሳስብ ደስ ይለኛል።

አሟሟቱን የቀድሞ ጸሐፊዎች በተለያየ መንገድ ይተርካሉ። አንደኛው እንዲህ ነው፤ አርጅቶ ሳለ ከጠይ ጋር ሲዋጉ ከፈረሱ ወደቀ። ተመልሶ ለመውጣት ጉልበት አጣ፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ሳለ የጠይ ሰው አይቶት በቀስት ወጋው። እኔ ይህኛውን አምናለሁ፤ ተረት የሚፈጥር ሰው ጀግናውን ከፈረስ አይጥልምና።

ሲራው በእርግጥም አይጥለውም። በመርዛም ቀስት ተወግቶ መሞቻው ሲቀርብ ወገኖቹ ሴቶችና ልጆች ይዘው በጠባብ ሸለቆ እየሸሹ ነበር። ዐንተራ አብጀርን በሸለቆው አፍ ላይ አቆመው፤ ጦሩን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈውና ኮርቻው ላይ እንዳለ ሞተ። ፈረሱ አልተነቃነቀም፤ እንዲቆም ተነግሮት ነበርና። ጠላቶቹ በሩቅ ሆነው አዩት። ይጠብቀናል ብለው ፈሩ፤ ሳይጠጉት ዋሉ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ፈረሱ ያለ ልክ ዝም ማለቱ አጠራጠረውና ባዝራ እንዲለቁበት መከራቸው። ባዝራዋን ሲያይ አብጀር ዘለለ፤ የጌታውም ሬሳ ያኔ ወደቀ። የሸለቆው መንገድ ግን በዚያ ሰዓት ባዶ ነበር፤ ሰዎቹ ሁሉ አልፈው ሄደዋል።